ጎርፉ ካለፈ በኋላ፦ የወንዞች ጽዳትና የጋራ ገንዘብ

(ለምዕመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት)

ክረምቱ ሲወጣ በየድልድዩ ሥር ተከምሮ የሚቀረውን ነገር በከተሞቻችን ያላየ የለም። ከሥሩ የተነቀለ ባሕር ዛፍ፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ፌስታል፣ የፈረሰ አጥር፣ የሞተ እንስሳ፣ ይህንም ሁሉ ያጣበቀ ጥቁር ደለል። ጎርፉ በመጣበት ሰዓት ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያወጣል፤ እድር ይሰበሰባል፤ ቁምስናውም ብርድ ልብስና ዱቄት ያድላል። ውሃው ከጎደለ በኋላ ግን ያ ክምር የማን እንደሆነ የሚናገር አይገኝም። ቀበሌው ወደ ክፍለ ከተማው፣ ክፍለ ከተማው ወደ ከተማው፣ ከተማው ወደ ክልሉ ያመለክታል፤ ነዋሪውም «መንግሥት ያንሣው» ብሎ በሩን ይዘጋል። እንዲህ ሲባባሉ ሌላው ክረምት ይደርሳል።

በዚህ ጥናት የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። ከጎርፍ በኋላ ፍርስራሹን ማንሣትና የተበላሸውን ወንዝ ወደ ጤናው መመለስ የምጽዋት ሥራ ነው ወይስ የፍትሕ ዕዳ? ዕዳ ከሆነስ ከየትኛው ገንዘብ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ወር ይከፈላል? ምሳሌ አድርገን የምንወስደው አዲስ አበባን የከበቡትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ነው። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት 12 ክፍለ ከተሞች መካከል ናቸው። አስተያየታችን ከወዲሁ ይታወቅ ዘንድ እንገልጻለን፤ ዕዳ ነው እንላለን። ምክንያታችንን ግን ከመሬቱ አቀማመጥ መጀመር አለብን።

የሦስቱ ከተሞች ውሃ ወዴት ይሄዳል?

የአዲስ አበባን ሰሜን የሚጋርደው የእንጦጦ ተራራ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ተፋሰስ ድንበር ነው። በሰሜኑ ቁልቁለት ላይ የወደቀ ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ተንጣሎ፣ በሲቢሉና በሙገር በኩል አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በደቡቡ ቁልቁለት የወደቀው ግን አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቡራዩ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ራስጌ ላይ ትገኛለች፤ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚያቀርበው የገፈርሳ ግድብም በዚያው አካባቢ ነው። ሰበታ በበኩሏ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ተቀምጣ ወንዟን ወደ አዋሽ ትልካለች።

እንግዲህ ሦስቱም የራስጌ ከተሞች ናቸው። የሚጥሉት ነገር በእነርሱ ዘንድ አይቀርም፤ በታች ባለው ሰው ደጃፍ ያርፋል። ከላይ ያለው ተራራ ሲራቆት ደግሞ እነርሱ ራሳቸው የታች ሰዎች ይሆናሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ብሂል የተነገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ነገር ግን የሱሉልታን ጅረቶች በነሐሴ ወር ላየ ሰው ቃሉ እንዳለ እውነት ነው። በዚያ አካባቢ ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ ለገበያ ይሄዳል፤ ጠርሙሱ ባዶውን ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ራስጌው ያልተጠበቀ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩም ከመኖሪያቸው ተፈናቅለዋል። ዝናቡ የዘነበው ከከተማው በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ነበር። በአዲስ አበባም ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን ዝናብ በደረሰው ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሕይወት ባይጠፋም እንኳ ደለሉ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ሁለቱ አቃቂዎች የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነበር፤ በጥገና ማጣት ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ ተመረቀ። ከላይ የሚወርደው አፈርና ቆሻሻ ግን ዛሬም ወደዚያው ይገባል።

ስለ ጎርፍ ሁላችን እናወራለን፤ ስለ ፍርስራሹ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ፍርስራሽ የጎርፍ ውጤት ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለው ጎርፍ መነሻም ነው። አንድ ግንድ በመንገድ ሥር ባለ ቱቦ አፍ ላይ ይጋደማል፤ ፌስታልና ጨርቅ ይጠመጠምበታል፤ ከኋላው ደለል ይተኛል። በሚቀጥለው ብርቱ ዝናብ ውሃው መውጫ ሲያጣ ከፍ ብሎ ከወንዙ አልጋ ይወጣና መንገዱን ይቆርጣል፤ ወይም ከዚህ በፊት ውሃ ገብቶበት ወደማያውቅ ቤት ይገባል። ስለዚህ ክምሩን ማንሣት በሳምንታት ውስጥ የሚፈጸም ሥራ ነው፤ ለመስከረም የሚቆይ አይደለም። ከተነሣ በኋላ ዳር ላይ ቢቆለል ደግሞ ያው ወንዝ መልሶ ይወስደዋል። በገልባጭ መኪና ተጭኖ መሄድ፣ የሚሄድበትም የተዘጋጀ ቦታ መኖር አለበት። ደለሉ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ በባዶ እጅና በባዶ እግር የሚነካ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የተነሣውን አተት የምናስታውስ ሁሉ ይህን አንዘነጋም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወንዙን ወደ ጤናው የመመለስ ሥራ ረዘም ያለ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ወንዙን በኤክስካቫተር ቀጥ አድርጎ መቆፈር ነው። ይህ ለዓይን ያምራል፤ ውሃው ግን ይፈጥናል፤ ጥፋቱም ወደታች ይሸጋገራል። ተገቢው መንገድ ዳርና ዳሩን በአገር በቀል ዛፍና በሣር መሸፈን፣ የሚናደውን ቦታ በጋቢዮን መደገፍ፣ በተራራው ላይ እርከንና የድንጋይ ክትር መሥራት፣ እንደ ሱሉልታ ያለውን ረግረግ ሜዳም ውሃ የሚጠጣ ስፖንጅ ስለሆነ ቤት ሳይሠሩበት መተው ነው። ለዚህ ሥራ በሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተተከለ ይነገራል። ንጉሥ ባወጣው ወጪ የተተከለ ዛፍ እስከ ዛሬ የወጨጫን አፈር ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

ነህምያና የኢየሩሳሌም ፍርስራሽ

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ስለ ፍርስራሽ ማንሣት በዝርዝር የሚናገር መጽሐፍ ቢኖር መጽሐፈ ነህምያ ነው። መምህራን በዚህ ርእስ ላይ ክፍል ሲይዙ ከምዕራፍ 1 እስከ 5 ያለውን በሙሉ እንዲያነቡ እንመክራለን።

ነህምያ የከተማውን መፍረስ በሰማ ጊዜ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ። እስከዚህ ድረስ ሁላችን እንከተለዋለን። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን፤ ወደ ንጉሡ ሄዶ ደብዳቤ ጠየቀ (ነህ. 2፡7-8)። አንዱ ደብዳቤ ለአገረ ገዢዎች፣ ሌላው የንጉሡን ደን ለሚጠብቀው ለአሳፍ ነበር፤ ለበሮቹና ለቅጥሩ የሚሆን እንጨት ከመንግሥት ንብረት እንዲሰጠው። ጸሎት ያደረገ ሰው የመንግሥትን ገንዘብ መጠየቅ እምነት እንደማጣት አልቆጠረውም።

ወደ ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም ሥራውን የጀመረው በስብሰባ አይደለም። በሌሊት ተነሥቶ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ጉዳቱን በዓይኑ ተመለከተ፤ የተቀመጠባት እንስሳ የምታልፍበት ስፍራ እስኪታጣ ድረስ፣ በጅረቱም ዳር ወጥቶ ቅጥሩን መረመረ (2፡13-15)። ከዚያ በኋላ ሥራው በክፍል በክፍል ተከፋፈለ። ምዕራፍ 3 የስም ዝርዝር ስለሆነ በንባብ ጊዜ የሚታለፍ ነው፤ ለዚህ ትምህርት ግን ዋነኛው ምዕራፍ እርሱ ነው። ወርቅ አንጥረኛውና ሽቶ ቀማሚው በአንድነት ሠሩ፤ ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ፤ ብዙዎቹም በየቤታቸው አንጻር ያለውን አደሱ። የቴቁሐ ሰዎች የራሳቸውን ድርሻ ሠርተው ሌላ ክፍል ጨመሩ፤ መኳንንቶቻቸው ግን አንገታቸውን ለሥራው አላዋረዱም (3፡5)። መጽሐፉ ይህን ሳይደብቅ መጻፉ ያስገርማል።

ሥራው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ሸክም የሚሸከሙት ደከሙ፤ ፍርስራሹ በዝቷልና ቅጥሩን ልንሠራ አንችልም አሉ (4፡10)። ይህ ቃል የሰነፎች አልነበረም። የፈቃደኛ ሰው ጉልበት ወሰን ስላለው ነው። አንድ የወጣቶች ማኅበር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአካፋና በባሬላ ሊያነሣ የሚችለው ክምር አለ፤ ያለ መኪናና ያለ ማሽን ሊያነሣ የማይችለውም አለ። ሁለቱን መለየት የማስተዋል ሥራ ነው። የማይችለውን ጫንበት ማለት በሚቀጥለው ዓመት እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

በቅዳሴያችን ውስጥ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውሃ ጸሎት እናቀርባለን። ይህ ጸሎት በየእሑዱ ስለሚደጋገም ለጆሯችን ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን በመሠዊያው ፊት የምንጸልይለት ወንዝ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ የሚያልፈው ራሱ መሆኑን ማሰብ ይገባናል።

ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ዐዋዲ መልእክት የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት ለያይተን መስማት እንደማንችል አስተምረዋል፤ ንጹሕ ውሃ ማግኘትም መሠረታዊ ሰብአዊ መብት መሆኑን ገልጸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በዘመናዊው ዓለም ስላለችው ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቁጥር 30 ላይ ተገቢውን ግብር በማጭበርበር የሚሸሹትን ወቅሷል። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2240 ግብር መክፈልን ለጋራ ጥቅም ያለብን የኅሊና ግዴታ ያደርገዋል። ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። ግብር መክፈል የኅሊና ግዴታ ከሆነ ግብሩን ለጋራ ጥቅም ማዋልም በተቀባዩ ላይ የኅሊና ግዴታ ነው።

ምጽዋት ከራስ የሚሰጥ ነው። ለባልንጀራዬ የሚገባውን መመለስ ግን ፍትሕ ነው። በጎርፍ የተጎዳች እናት ብርድ ልብስ ብንሰጣት ምጽዋት ሰጠን፤ ደግ አደረግን። ከቤቷ በላይ ያለው ቱቦ በየዓመቱ ሳይጸዳ ቀርቶ ውሃ የሚገባባት ከሆነ ግን የሚገባትን አልተቀበለችም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል፤ በአንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት ተፈጥሯዊና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም ለተጎጂው በወቅቱ የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። «እንዳይደርስ» የሚለው ከእርዳታው አስቀድሞ የመጣ ቃል መሆኑን ልብ እንበል።

የግል ባለ ንብረትም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። በሰበታና በቡራዩ ፋብሪካዎች በብዛት የሚገኙ እንደመሆናቸው ይህ አዋጅ የተጻፈው ለእነዚህ ወንዞች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሕዝብ ገንዘብ የሚገባው ባለቤቱ ለማይታወቅ ክምር ነው፤ ባለቤቱ የታወቀውን ባለቤቱ ይክፈል።

ወንዙ የአስተዳደር ድንበር አያውቅም

ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ ይህ ነው። ቡራዩ ላይ አንድ ቱቦ ቢጸዳ፣ በተራራውም ላይ እርከን ቢሠራ፣ ጥቅሙን በብዛት የሚያገኘው በታች ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ወጪው ግን የሚወጣው ከሌላ አስተዳደር ካዝና ነው። በኦሮሚያ ገጠር ገበሬው በየበጋው በተፋሰስ ዘመቻ ያለ ክፍያ ጉልበቱን ይሰጣል፤ በእርከኑ የሚድነው ከተማ ግን ለዚያ ጉልበት ሲከፍል አይታይም።

ይህ ነገር ባለመፈታቱ ምን እንደደረሰ አንድ መራራ ምሳሌ አለን። አዲስ አበባ ለቆሻሻዋ ማስወገጃ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ በሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ ቦታ አሠርታ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ጉዳቱ በእኛ ላይ ነው ብለው ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቀድሞው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሟቾቹ ድህነት፣ የገበሬዎቹ ቅሬታ፣ የከተማው ችግር ሁሉም እውነት ነበሩ፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን በጊዜው አልተገናኙም። ገንዘብ መኖሩ ብቻውን አላዳነም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደፈቱት ማወቅ ይጠቅማል። በኔዘርላንድ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የውሃ ጉባኤዎች የሚባሉ አካላት አሉ፤ ክልላቸው የሚወሰነው በውሃው አካሄድ ነው፤ አባሎቻቸው ይመረጣሉ፤ ለውሃ ሥራ ብቻ የሚውል ግብርም ይሰበስባሉ። በአሜሪካ ደግሞ ከጎርፍ በኋላ ከወንዝ ውስጥ ፍርስራሽ ለማንሣትና የተናደውን ዳር ለማደስ የፌዴራሉ መንግሥት በመደበኛው አሠራር ከወጪው 75 በመቶውን ይሸፍናል። ቀሪውን 25 በመቶ አካባቢው በገንዘብ ወይም በጉልበትና በቁሳቁስ ያዋጣል፤ ለደሃ አካባቢዎች የመንግሥቱ ድርሻ ከፍ ይላል። ይህ ከነህምያ አሠራር ብዙም አይርቅም፤ እንጨቱ ከንጉሡ፣ ጉልበቱ ከሕዝቡ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ካስተማሩት የድጋፍ መርሕ ጋርም ይስማማል፤ ታናሹ ማኅበር ሊሠራ የሚችለውን ታላቁ አይንጠቀው፤ ታናሹ ሊሠራ የማይችለውን ግን ታላቁ አይተወው።

በአገራችንም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534/1999 ውሃ በተፋሰሱ መጠን እንዲተዳደር ታስቦ የወጣ ነበር። ትልልቆቹ ተፋሰሶች በዚህ መንገድ ሲታሰቡ፣ ከቡራዩ ተነሥቶ አባ ሳሙኤል ለሚደርሰው ለትንሹ አቃቂ ከላይና ከታች ያሉት አስተዳደሮች በጋራ የሚያዋጡት የጋራ ገንዘብ እንዲኖር መጠየቅ ከአቅም በላይ አይመስለንም።

የኢዮአስ ሣጥን

የሕዝብ ገንዘብ በተነሣ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው «ገንዘቡስ የት ይገባል?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ቅዱስ መጽሐፍ አያፍርበትም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 እንደምናነበው፣ ንጉሥ ኢዮአስ ለቤተ መቅደሱ እድሳት ገንዘብ እንዲሰበሰብ ካህናቱን አዘዘ። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ሲጠይቅ ግን የተሰነጠቀው እንደተሰነጠቀ ነበር። ገንዘቡ ተሰብስቧል፤ እድሳቱ የለም። ገንዘብ ያዦቹ ካህናት እንደነበሩ ስናነብ እኛ ካህናት አንገታችንን ብንደፋ ተገቢ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ካህኑ ዮዳሄ መክደኛው የተበሳ ሣጥን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አኖረ። ገንዘቡ በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ይቆጥሩታል፤ ከዚያም በቀጥታ ለአናጢዎች፣ ለግንበኞች፣ ለድንጋይና ለእንጨት መግዣ ይሰጣል። ከዚያ ገንዘብ የብር ጽዋና የወርቅ ዕቃ አልተሠራበትም ይላል መጽሐፉ። ስንጥቁ ሳይደፈን ጌጥ አይቀድምም ማለት ነው።

ይህን ስናነብ ስለ ዋና ከተማችን ማሰባችን አይቀርም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ተብሎ ነበር የተገለጸው። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በተደረገው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ለወንዝ ይህን ያህል ገንዘብ ሊሰበሰብ መቻሉ መልካም ዜና ነው፤ አገራችን ለወንዝ ገንዘብ የላትም የሚለውን አባባል ያፈርሳል። ነገር ግን በታች ያለው ዳር በአበባ ሲያጌጥ በላይ ያለው ቱቦ እንደተዘጋ ከቀረ፣ አበባውንም ጎርፉ ይወስደዋል። ለራስጌው ከተማም ከዚያው ማዕድ ድርሻ እንዲደርሰው መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም።

በዳሩ ላይ የሚኖሩት

አንድ የሚያስፈራ ነገር እንናገር። ወንዝን ማዳን በሚል ስም የሚወጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው በወንዙ ዳር ያለውን ድሃ ነው። እርሱ በዚያ የሰፈረው ጎርፍ ወዶ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የሚከፍለው ኪራይ ስለሌለው ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው በርካታ ቤቶች ሲፈርሱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአፈጻጸሙ ላይ ስጋቱን ገልጾ ነበር። ከወንዝ ዳር ሰውን ማንሣት ለሕይወቱ ሲባል ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አንክድም። ነገር ግን የማንሣቱ ወጪ ከወንዙ ማደሻ ወጪ ጋር አብሮ ያልታሰበ ከሆነ፣ ምትክ ቦታና የመሸጋገሪያ ጊዜ ካልተሰጠ፣ ሥራው ጽዳት ሳይሆን መከራን ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ ወንዝ ማዛወር ነው። ሰውየው ነገ በሌላ ጅረት ዳር ይገኛል።

ደግሞም እነዚህ ሰዎች የሥራው ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ፕሮግራም ችግረኛ ቤተሰቦችን በጽዳትና በአካባቢ ሥራ አሰማርቶ እየከፈለ ረድቷል። ከጎርፍ በኋላ ያለው ሥራም በዚሁ መንገድ ሊሠራ ይገባዋል እንላለን። ወንዙን የሚያውቀው ዳሩ ላይ የሚኖረው ነው፤ ውሃው የት እንደሚነሣ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚዘጋ ከማንም መሐንዲስ ቀድሞ ያውቃል። ጓንትና ቦት ጫማ፣ የሚገባውንም የቀን ክፍያ ይሰጠው።

ደብዳቤው በየትኛው ወር ይጻፍ?

የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ሥራውን ሁሉ የሚያሰናክለው እርሱ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። አዲሱ ገንዘብ ሲፈቀድ ወንዙ ሞልቷል፤ ጨረታ ወጥቶ፣ ተቋራጭ ተመርጦ ውል እስኪፈረም ክረምቱ ያልፋል። አሮጌው በጀት ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ ጎርፉ በሚበረታባቸው ሁለት ወራት የቀበሌው ሠራተኛ እጁ ባዶ ነው። መጠባበቂያ በጀት ቢኖርም አስቀድሞ ለዚህ ሥራ ተብሎ ካልተለየ ሌላ ችግር ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ገንዘብ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዱ ከዝናቡ በፊት በሚያዝያና በግንቦት ቱቦና ወንዝ ለማጽዳት የሚውል ሲሆን፣ ሌላው በሐምሌና በነሐሴ ያለ ረጅም ጨረታ የሚነሣ፣ አስቀድሞ ከመኪና ባለንብረቶችና ከማኅበራት ጋር በተያዘ ውል የሚከፈል ነው።

በጀት የሚዘጋጀው ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። የቁምስና ምክር ቤት፣ እድሩ፣ በአካባቢው ያሉት የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን በአንድ ደብዳቤ ቢፈርሙ የበለጠ ይሰማል፤ ጎርፉ የማንንም ሃይማኖት ጠይቆ አልገባምና። ደብዳቤው ጸሎተኛ ቃል ብቻ ይዞ አይሂድ። የትኛው ድልድይ፣ የትኛው ቱቦ፣ ስንት መኪና ፍርስራሽ፣ ከየትኛው ቤት ጀርባ፣ ምእመናኑ በጉልበት የሚሠሩት የቱ እንደሆነ፣ ማሽን የሚጠይቀውም የቱ እንደሆነ ይጻፍ። በመጨረሻውም የተፈቀደው ገንዘብና የተሠራው ሥራ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ይጠየቅ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶቻቸው ጋር እንደ ነህምያ ወንዙን ተከትለው ሊሄዱ ይችላሉ፤ በሌሊት መሆን የለበትም። ደብዳቤው የሚጻፈው በጥር ነው። ድልድዮቹ የሚቆጠሩት ግን ቀደም ብሎ፣ ውሃው ጎድሎ የክምሩ ልክ በግልጽ በሚታይበት በጥቅምትና በኅዳር ነው።